ዘጠኝ ቁጥር የማይገድለው

ሐረር ውስጥ ፈላና በር አጠገብ ኮምፒውተር ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ደንበኞች ከሚጠይቁኝ ሁሉ እንደዚህ የሚደጋገም ጥያቄ የለም። «ፕሮግራሙ ስታክ አደረገ፤ ልዘጋው ብል እንቢ አለ፤ ለምንድን ነው የማይሞተው?» አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ዊንዶውስ ከሆነ ታስክ ማናጀር ተከፍቶ «ኢንድ ታስክ» ይባላል። ሊኑክስ ከሆነ «ኪል» የሚባለው ትእዛዝ ዘጠኝ ቁጥር ተጨምሮበት ይላካል። ዘጠኝ ቁጥር ሲግናል ከሚባሉት መልእክቶች አንዱ ነው፤ ሌሎቹን ሲግናሎች ፕሮግራሙ ተቀብሎ የራሱን ሥራ ሊሠራባቸው ወይም ጨርሶ ችላ ሊላቸው ይችላል። ዘጠኝ ቁጥርን ችላ ማለት ግን ለማንም አልተፈቀደም። ቁጥሩም ሕጉም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ የዩኒክስ እትሞች ጀምሮ ያሉ ናቸው።

ሆኖም ዘጠኝ ቁጥር ተልኮበት ንቅንቅ የማይል ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ አለ። ይደገማል፣ ይሠለሳል፤ ከዝርዝሩ ላይ አይጠፋም። በሩት፣ ማለትም በማሽኑ የመጨረሻ ሥልጣን ቢታዘዝም ለውጥ የለም። እኔ ዘንድ ሙያ የሚለማመዱ ልጆች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ «ቫይረስ ነው» ይላሉ፤ ቀጥሎ እጃቸው ወደ ፓወር ገመዱ ይሄዳል። ገመዱን ከመንቀላቸው በፊት ታሪኩን እነግራቸዋለሁ። ፕሮሰሱ የማይሞተው ከሃምሳ ዓመት በፊት ሰዎች አስበውበት እንዳይሞት ስለወሰኑ ነው። ውሳኔያቸውን አከብረዋለሁ። ዋጋውን ሲከፍሉ በየጊዜው የማያቸው ግን የእኔ ደንበኞች ናቸው፤ ስለዚህ ለሁለቱም ወገን ልናገር።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኒው ጀርዚ ውስጥ መሪ ሂል በሚባል ቦታ፣ በቤል ላቦራቶሪ፣ ኬን ቶምሰን ፒዲፒ-7 በምትባል ትንሽ ማሽን ላይ ዩኒክስን ጀመረ፤ ዴኒስ ሪቺም አብሮት ሠራ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ፒዲፒ-11 ተሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አብዛኛውን በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፉት። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ስድስተኛው እትም ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ 9 ሺህ መስመር ገደማ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሊያነበው ይችላል። እኛ ዛሬ የምንቸገርበት ነገር ደግሞ እዚያ ውስጥ በጥቂት መስመሮች ተጽፎ ይገኛል።

በዚያ ኮድ «ስሊፕ» የምትባል ፈንክሽን አለች። ፕሮሰስ አንድ ነገር መጠበቅ ሲኖርበት እሷን ይጠራል፤ ምን እንደሚጠብቅና ሲነቃ የሚኖረውን የቅድሚያ ቁጥር ይነግራታል። ቁጥሩ ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሲግናል መጥቶ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ከዜሮ በታች ከሆነ ምንም ሲግናል እንቅልፉን አያቋርጠውም፤ ዘጠኝ ቁጥርም ጭምር። ከኪቦርድ ፊደል የሚጠብቅ ፕሮሰስ 10 ይዞ ይተኛል። ከዲስክ መልስ የሚጠብቅ ከዜሮ በታች 50 ይዞ ይተኛል። ፕሮግራም ከሜሞሪ ወደ ዲስክ ሲዛወር የሚጠበቀው ከሁሉ የጠለቀው ነው፤ ከዜሮ በታች 100።

ልዩነቱ የመጣው ከቀላል ግምት ነው። ኪቦርድ ላይ የተቀመጠው ሰው ሻይ ሊጠጣ ሊወጣ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። እሱን የሚጠብቅ ፕሮሰስ ሊቋረጥ ይገባል። ዲስክ ግን ሻይ አይጠጣም። ወይ በሰከንድ ክፍልፋይ ይመልሳል፣ ወይ «አልቻልኩም» ይላል። መልሱ ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ ምን ያስቸኩላል?

መቸኮሉ ደግሞ አደጋ አለው፤ ልጆቹ በደንብ እንዲያዩት የምፈልገው ይህንን ነው። አንድ ፕሮሰስ ፋይል ላንብብ ሲል ከርነሉ ከሜሞሪ ላይ ቦታ ይይዛል፤ ሌላ እንዳይነካው ይቆልፈዋል፤ ከዚያ ለዲስኩ «ያነበብከውን እዚህ አድራሻ ላይ አራግፍ» ይለዋል። ዲስኩ ከዚያ በኋላ ማንንም አያማክርም፤ ዳታውን በቀጥታ ሜሞሪው ላይ ይጽፋል። እንግዲህ መሀል ላይ ፕሮሰሱ ተገደለ፣ ቦታውም ተለቆ ለሌላ ፕሮግራም ተሰጠ እንበል። ዘግይቶ የመጣው ዳታ በማያውቀው ሰው ሥራ ላይ ይራገፋል። የአንዱ ፎቶ የሌላውን ደመወዝ መዝገብ ያበላሻል ማለት ነው። ቦታው ሳይለቀቅ እንዲቀር ቢደረግ ደግሞ ቁልፉ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ የሚፈታው ሞቷልና። ከዚያ በኋላ ያንን ፋይል የሚፈልግ ፕሮሰስ ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ እዚያው ይቆማል። አንዱን ለመግደል ሲባል ብዙዎች ይታሰራሉ።

ለሐረር ሰው ይህ አሠራር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ጀጎልን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጥሮ ከተማዋን ሲጠብቅ በአምስት በር ትተነፍስ ነበር፤ ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት የኛው ፈላና፣ ኤረር፣ ሰንጋ፣ ቡዳና ሸዋ በር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 በአሚር አሕመድ ዘመን ገብቶ ዐሥር ቀን ሲቆይ ያየውን ጽፎ ትቷል። ማታ በሮቹ ይቆለፋሉ፤ ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዳሉ፤ ከዚያ እስኪነጋ ከከተማ የሚወጣ የለም። በግንቡ ሥር ለጅብ መተላለፊያ የሚሆኑ ጠባብ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ዛሬም ይታያሉ። ለሰው ግን መንገዱ በሩ ብቻ ነበር። በር ጠባቂውን ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ አስቸኳይ ጉዳይ ይዤ መጣሁ ብትለው፣ እጁ ላይ የሌለውን ቁልፍ ከየት ያመጣዋል? ሥርዓቱ የቆመው ለአንድ ተጓዥ ምቾት አልነበረም፤ ውስጥ ለተኛው ሕዝብ ነበር።

ዘጠኝ ቁጥርም ሲላክ ጠፍቶ አይቀርም። ደርሷል፤ በፕሮሰሱ ስም ተመዝግቦ በሩ ላይ ቆሟል። ፕሮሰሱ የጠበቀውን አግኝቶ ከከርነል ሊወጣ ሲል መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ ያን ጊዜ አንዲት መስመር ኮድ ሳይሠራ ይሞታል። ስለዚህ «ኪል» ደጋግሞ መላክ የሚጨምረው ነገር የለም። የመጀመሪያው በቂ ነበር። የሚቀረው ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ማወቅ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። ኤም አይ ቲ ውስጥ የተሠራው አይ ቲ ኤስ የተባለ ሲስተም፣ ፕሮግራም ከርነል ውስጥ እያለ ሲቋረጥ የተጀመረውን ሥራ ወደ ኋላ መልሶ፣ በኋላ ከመነሻው እንዲቀጥል ያደርግ ነበር። ትክክለኛና ንጹሕ አሠራር ነው፤ ለመጻፍ ግን ከባድ ነው። ዩኒክሶች ረጅሙን ጥበቃ በተመለከተ «ተቋርጧል» የሚል ስሕተት መልሰው ጣጣውን ለፕሮግራመሩ ተዉለት፤ አጭሩን ጥበቃ ደግሞ ጨርሶ እንዳይቋረጥ አደረጉት። ሪቻርድ ጋብሪኤል የተባለው የሊስፕ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሰው ከዓመታት በኋላ ስለ ሁለቱ የአሠራር ፍልስፍናዎች ሲጽፍ ይህንኑ ልዩነት ነው በምሳሌነት ያነሣው። የዩኒክሶቹ ምርጫ ከርነሉን ትንሽና ቀላል አድርጎ ጠበቀው። እኔ በበኩሌ ልክ ነበሩ እላለሁ። ያን ያህል ትንሽ ባይሆን ኖሮ በየዩኒቨርሲቲው ባልተነበበ፣ በየማሽኑም ባልተተከለ ነበር።

ስለ መነበቡ ሳነሣ ጆን ላየንስን ማለፍ አልችልም። አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የስድስተኛውን እትም ኮድ ከነማብራሪያው ለተማሪዎቹ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሰባተኛው እትም ሲወጣ የፈቃዱ ውል ኮዱን ክፍል ውስጥ ማስተማርን ከለከለ። መጽሐፉ ግን በፎቶ ኮፒ፣ ከኮፒ ላይ በተነሣ ኮፒ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዓለምን ዞረ። በይፋ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እኔም ሙያውን የተማርኩት ገጹ ከመደብዘዙ የተነሣ ፊደሉ በግምት በሚነበብ ሃንድአውት ስለሆነ፣ ይህን የላየንስ ነገር በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። የ«ስሊፕ»ን ነገር ስንቱ በዚያ መንገድ ተማረው!

ስለ ዲስክ የነበረው ያ ግምት የፈረሰው በኔትወርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሰን ማይክሮሲስተምስ ኤን ኤፍ ኤስ የሚባለውን ሠራ፤ ሌላ ማሽን ላይ ያለ ዲስክ እንደ ራስ ዲስክ ሆኖ የሚታይበት ዘዴ ነው። ድንቅ ሥራ ነበር። ፕሮግራሞች አንድ መስመር ሳይቀየርላቸው ሩቅ ያለ ፋይል ማንበብ ቻሉ። ነገር ግን «ዲስክ ወዲያው ይመልሳል» የሚለው አሮጌ እምነት አብሮ ተሻገረ። አሁን ዲስኩ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ ሲጠፋ ደግሞ ይኼኛው ወገን ያኛው ሞቶ ይሁን ወይስ ዘግይቶ የሚለይበት መንገድ የለውም። በዋናው አሠራር፣ «ሃርድ ማውንት» በሚባለው፣ ከርነሉ ተስፋ አይቆርጥም። ሰርቨሩ እንደማይመልስና አሁንም እየሞከረ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ጽፎ ይቀጥላል፤ ለአንድ ሰዓትም ሆነ ለአንድ ሳምንት። ምክንያቱም ተስፋ ቆርጦ ስሕተት ቢመልስ፣ ስሕተት አያለሁ ብሎ ያልተዘጋጀው ፕሮግራም ግማሽ ፋይል ጽፎ «ጨረስኩ» ሊል ይችላል። ያ ከመቆም ይከፋል።

ይህ ነገር እኛ አገር ምን እንደሚመስል በአንድ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። ሰርቨሩ ያለው ምድር ቤት ነው፤ ዩፒኤሱ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ይጠፋል፤ ላይ ቤት ያሉት ላፕቶፖች ግን በባትሪያቸው በርተው ይቀራሉ። በርተው ይቀራሉ እንጂ አይሠሩም። ከሰርቨሩ ፋይል ከፍተው የነበሩት ሁሉ ባሉበት ደርቀዋል፤ ፋይሎቹን ለመዘርዘር ብቻ የገባ አዲስ መስኮትም አብሮ ይደርቃል። ሠራተኞቹ ፕሮግራሙን ሊገድሉ ይታገላሉ፤ አይሞትም። መብራት መጥቶ ሰርቨሩ እንደተነሣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይላቀቃል፤ እስከዚያ የተላከው «ኪል»ም ያን ጊዜ ይደርሳል። የሚፈልጉት ሥራ ዐይናቸው እያየ ይዘጋባቸዋል። ትዕግሥት አድርገው ቢጠብቁ ኖሮ ሥራው በቀጠለ ነበር።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር ይህንኑ የሁለት ዓይነት እንቅልፍ ሥርዓት ወረሰ። ዛሬ «ፒ ኤስ» የሚለውን ትእዛዝ ብትጠቀሙ እንዲህ ያለው ፕሮሰስ አጠገቡ የእንግሊዝኛዋ ፊደል ዲ ትታያለች። ዜድ የምትታይበት ዞምቢው ሌላ ነው፤ እሱ የሞተ ነው፤ ስሙ ከመዝገብ ያልተፋቀው ወላጅ ፕሮሰሱ መሞቱን መጥቶ ስላልጠየቀ ነው። ሁለቱን ማምታታት ልጆቹ ዘንድ የተለመደ ነው። ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሊኑክስ የማሽኑን ጫና ሲቆጥር ዲ ላይ ያሉትንም ይጨምራል። ስለዚህ ሲፒዩው ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ ሎድ አቨሬጁ 20 ወይም 30 ሊል ይችላል። ማሽኑ ሥራ በዝቶበት አይደለም፤ ወረፋ የያዘው በዝቶ ነው።

ከዩኒክስ ቤተሰብ ውጭ ያሉትም ከዚህ አላመለጡም። ዴክ በተባለው ኩባንያ የተሠራው ቪኤምኤስ የተባለ ሲስተም ውስጥ አልሰረዝ ብሎ የሚቀር ፕሮሰስ የታወቀ ነገር ነበር፤ የቪኤምኤስ መሐንዲስ ዴቪድ ከትለር ማይክሮሶፍት ሄዶ ከባልደረቦቹ ጋር በሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ዊንዶውስ ኤንቲም እንዲሁ ነው። እዚያ ፕሮሰስ ሲሞት ለድራይቨሮች፣ ማለትም መሣሪያዎችን ለሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች፣ የሰጣቸው ጥያቄዎች ሁሉ እስኪጠናቀቁ ወይም እስኪሰረዙ ይጠበቃል። በደንብ ያልተጻፈ ድራይቨር «ሰርዝ» ሲባል ካልሰማ ፕሮሰሱ ታስክ ማናጀር ላይ ይንጠለጠላል። የዘንድሮው ዊንዶውስም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሡ ጎልማሳ ሰው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዘው መጡ። የደንበኞቻቸው ሠርግ ሁሉ እሱ ላይ ነው፤ ሌላ ኮፒ የለም። ሊኑክስ ባለው ማሽን ላይ ሰክቼ መገልበጥ ጀመርኩ። ጥቂት ደቂቃ በጥሩ ሁኔታ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ዲስኩ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል።

«አቦ ልጄ፣ ግደለውና እንደገና ጀምረው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ገድዬዋለሁ። ዲስኩ እስኪመልስለት እየጠበቀ ነው» አልኳቸው።

«ዲስኩስ ምን ይጠብቃል?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። የከርነሉን መልእክት ከፍቼ አሳየኋቸው። አንዷን የተጎዳች ቦታ ዲስኩ ራሱ ደጋግሞ ለማንበብ ይሞክራል፤ ሲያቅተው ከርነሉ ጠብቆ ጠብቆ የዩኤስቢ መስመሩን ሪሴት ያደርጋል፤ እንደገና ይጠይቃል። እያንዳንዱ ዙር ብዙ ሰከንድ ይወስዳል፤ የተጎዱት ቦታዎች ደግሞ ተከታታይ ነበሩ። ፕሮሰሱ ዲ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር በሩ ላይ ቆሟል። ይህን ዲስክ ከዚህ በላይ ማስጨነቅ እንደማይገባ ስለታየኝ ኬብሉን ነቀልኩ። ፕሮሰሱ ወዲያው ከዝርዝሩ ጠፋ። ከርነሉ መሣሪያው እንደሌለ ሲያውቅ የቀሩትን ጥያቄዎች ሁሉ በስሕተት ዘጋቸው፤ ጥበቃው አበቃ፤ የቆየው ትእዛዝ ደረሰ። ቁልፉ ኬብሉ ላይ ነበር። በኋላ የተጎዳውን ቦታ እየዘለለ መጀመሪያ ጤነኛውን በሚገለብጥ ፕሮግራም አብዛኛውን አወጣንላቸው። ፓወሩን ነቅለን ቢሆን ኖሮ ኮፒው የሚጻፍበትን የእኔን ዲስክም ልናበላሸው እንችል ነበር።

ለአሮጌው ውሳኔ እውነተኛ ማሻሻያ የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2008 በወጣው የሊኑክስ 2.6.25 እትም ማቲው ዊልኮክስ ሦስተኛ ዓይነት እንቅልፍ ጨመረ። ሐሳቡ ለእኔ እጅግ ያምራል። የቀድሞዎቹ ፍርሃት ፕሮግራሙ መሀል ላይ ተቋርጦ ግማሽ መልስ ይዞ ይቀጥላል የሚል ነበር። ሲግናሉ ገዳይ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ከቶ አይቀጥልም፤ ግማሹን መልስ የሚያየው የለም። እንግዲያው ሌላውን ሲግናል ሁሉ እየከለከልን ለገዳዩ ብቻ ብንከፍት ማንን እንጎዳለን? ከዚያ በኋላ ኤን ኤፍ ኤስን የሚጠብቅ ፕሮሰስ አብዛኛውን ጊዜ በዘጠኝ ቁጥር ይሞት ጀመር፤ ቀድሞ ለዚህ ሲባል ማውንት ሲደረግ ይጻፍ የነበረው አማራጭም ትርጉም አጣ።

ሆኖም የተፈታው ሁሉም አይደለም። አዲሱ እንቅልፍ በራሱ አይስፋፋም፤ ከርነሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የመጠበቂያ ቦታ ታይቶ፣ «እዚህ ላይ ቢሞት የያዘውን ቁልፍ ማን ይፈታል?» ተብሎ ተጠይቆ በእጅ መቀየር አለበት። ዲስኩ ሜሞሪ ላይ እያራገፈ ባለበት ሰዓት ያለው ፕሮሰስ ዛሬም ይጠበቃል፤ ወደፊትም መጠበቁ አይቀርም። ለዚያ ሊኑክስ ያለው ማስጠንቀቂያ ነው። ባልተቀየረ ሴቲንግ አንድ ፕሮሰስ ዲ ላይ ከ120 ሰከንድ በላይ ከቆየ ከርነሉ ስሙን ጠርቶ መልእክት ይጽፋል፤ ከሥሩም ፕሮሰሱ በየት በየት አልፎ የት እንደቆመ የፈንክሽኖች ስም ይዘረዝራል።

ልጆቹን አሁን የማስተምራቸው ያንን ዝርዝር ማንበብ ነው። እንግሊዝኛው አያስፈራችሁ፤ ከላይ ጀምሩና የምታውቁትን ስም ፈልጉ እላቸዋለሁ። ኤን ኤፍ ኤስ የሚል ካለ ኔትወርኩንና ሰርቨሩን እዩ። ዩኤስቢ የሚል ካለ ኬብሉንና ሶኬቱን ነካኩ። ኢኤክስቲ 4 ወይም የጆርናል ስም ካለ ፋይል ሲስተሙ አንድ ነገር እየጻፈ ስለሆነ ፓወሩን አትንኩ፤ መጀመሪያ የዲስኩን ጤና መርምሩ። ብዙ ፕሮሰሶች አንድ ቁልፍ ላይ ተሰልፈው ከታዩ ደግሞ የተሰለፉትን ትታችሁ ቁልፉን የያዘውን አንዱን ፈልጉ፤ እሱ ሲላቀቅ የቀሩት በየተራቸው ይወጣሉ።